«ያጣሁትን ብቻ ላስመልስ»

ቁማርተኛን ከገበታው እንዳይነሣ አድርጎ የሚይዘው ምንድን ነው? ብዙዎች «የትርፍ ፍቅር ነዋ!» ብለው ይመልሳሉ። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን እውነቱ ሌላ ነው። ትርፍ ቁማርተኛውን ወደ ገበታው ያቀርበዋል እንጂ በዚያ አስሮ አያስቀረውም፤ አስሮ የሚያስቀረው ኪሳራው ነው። ያተረፈ ሰው ሲርበው ወይም ሲደክመው ይነሣል። የከሰረው ግን «ያጣሁትን ብቻ ላስመልስ፥ ከዚያ በኋላ በቃኝ» እያለ ሌሊቱ ይነጋበታል። ይህች «ብቻ» የምትባል ትንሽ ቃል የብዙ ሰው ቤት አፍርሳለች።

ይህ ገበታ በዘመናችን መልኩን ለውጧል። ካርታ የለበትም፥ ዛኅንም አይጣልበትም። በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ የዶላርና የዩሮ፥ የወርቅና የነዳጅ ዋጋ በመስመር ተሥሎ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል፤ በዚያ ላይ ገንዘቡን የሚያኖረውም ሰው ራሱን ነጋዴ እንጂ ቁማርተኛ ብሎ አይጠራም። በከተሞቻችን ፎሬክስ የተባለውን የምንዛሪ ንግድ እናስተምራለን፥ በአጭር ጊዜም እናበለጽጋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በቴሌግራም ወደ ወጣቶች እጅ ይደርሳሉ። የዕቁቡን ዕጣ ወይም ከዘመድ የተበደረውን ገንዘብ ይዞ የሚገባ ወጣት ቢኖር ኪሳራው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡም ነው። ስለዚህ ቤት የሚያስተዳድር ሁሉ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብድሩ ስሌት

አንድ ሰው 1,000 ብር አለው እንበል። በዚህ ገንዘብ የ1,000 ብር አክሲዮን በመግዛት ፈንታ፥ 9,000 ብር ከደላላው ተበድሮ የ10,000 ብር አክሲዮን ገዛ። ዋጋው ከመቶ 10 ቢጨምር ንብረቱ 11,000 ብር ይሆናል፤ ብድሩን ከፍሎ 2,000 ብር ይቀረዋል። የገበያው ትርፍ ከመቶ 10 ሲሆን የእርሱ ገንዘብ ግን እጥፍ ሆነ። ነጋዴዎች ሌቨሬጅ የሚሉት ይህ ነው፤ በሰው ገንዘብ የራስን ጉልበት ማብዛት ማለት ነው።

እንግዲህ ዋጋው ከመቶ 10 ቢቀንስስ? የቀረው 9,000 ብር የደላላው ነው፤ የገዢው 1,000 ብር ፈጽሞ ጠፋ። ብድሩ ከራስ ገንዘብ ጋር ተደምሮ 100 እጥፍ በሆነ ጊዜ ደግሞ ያለውን ሁሉ ለማጣት ከመቶ 1 መቀነሱ ይበቃል። የታላላቅ አገሮች ገንዘብ ምንዛሪ በአንድ ቀን ይህን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን ውጭ የሚሠሩ አንዳንድ ደላሎች እስከ 500 እጥፍ እንፈቅዳለን ይላሉ። በዚህ ልክ የገባ ሰው፥ 1,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ 2 ብር ቢቀንስበት ባዶ እጁን ይቀራል።

ከዚህ ስሌት በታች ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። ብድሩ የሚወስደው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ነው። በራሱ ገንዘብ የገዛ ሰው ዋጋው ቢወድቅበት ታግሦ መጠበቅ ይችላል። በብድር የገዛ ግን ደላላው «መያዣህ አንሷልና ገንዘብ ጨምር» ይለዋል፤ ባይጨምር ወዲያው ይሸጥበታል። ዋጋው በማግስቱ ቢመለስ እንኳ እርሱ ከገበያው ወጥቷል።

ይህ በአሜሪካ በ1929 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች የአክሲዮኑን ዋጋ ከመቶ 10 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ብቻ እየከፈሉ፥ የቀረውን ከደላላ እየተበደሩ ይገዙ ነበር። ዳው ጆንስ የተባለው የኒው ዮርክ ገበያ መለኪያ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 ከ381 ነጥብ ደርሶ ነበር። በኦክቶበር 28 ከመቶ 13 ያህል፥ በማግስቱም ከመቶ 12 ያህል ወደቀ። ከመቶ 10 ብቻ ከፍሎ የገዛ ሰው በመጀመሪያዪቱ ዕለት አለቀለት ማለት ነው። መለኪያው በጁላይ 1932 እስከ 41 ነጥብ ወርዶ፥ ወደ ቀድሞው ከፍታ የተመለሰው በኖቬምበር 1954 ነው። በራሱ ገንዘብ የገዛውም ብዙ ተጎድቷል፤ ሆኖም ኩባንያው ያልፈረሰበት ሰው አክሲዮኑ በእጁ ቀርቶለታል። ተበዳሪው ግን አክሲዮኑንም ገንዘቡንም አጣ። የአሜሪካ መንግሥት በ1934 ባወጣው ሕግ የዚህን ብድር ልክ የመወሰን ሥልጣን ለማዕከላዊው ባንክ ሰጠ፤ ከ1974 ጀምሮም አክሲዮን ገዢ ሲገዛ ቢያንስ የዋጋውን እኩሌታ ከራሱ ማቅረብ አለበት።

የከሰረ ልብ

ታዲያ አደጋው እንዲህ ግልጽ ከሆነ አስተዋይ ሰው ስለ ምን ይገባበታል? ከገባስ በኋላ ስለ ምን ቶሎ አይወጣም?

ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1979 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ መልስ አቅርበዋል። ለሰዎች ሁለት ምርጫ ሰጡ፤ አንደኛው በእርግጥ 3,000 ማግኘት፥ ሁለተኛው ከመቶ 80 በሆነ ዕድል 4,000 ማግኘት፥ ካልሆነም ምንም አለማግኘት ነው። ከተጠየቁት ከመቶ 80ው እርግጠኛውን 3,000 መረጡ። ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ኪሳራ ተገለበጠ፤ በእርግጥ 3,000 ማጣት ይሻላል ወይስ ከመቶ 80 በሆነ ዕድል 4,000 ማጣት፥ ካልሆነም ምንም አለማጣት? በዚህ ጊዜ ከመቶ 92ቱ ዕድሉን መረጡ። በስሌት ቢታይ ዕድሉን መምረጥ በአማካይ 3,200 ያሳጣል፤ እርግጠኛው ኪሳራ ግን 3,000 ብቻ ነበር።

ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ሰዎች አልተለወጡም። ያው ሰው ትርፍ ሲቀርብለት ጠንቃቃ ነው፤ ኪሳራ ሲቀርብለት ግን ደፋር ይሆናል። ይህ ጠባይ የሰነፎች ወይም የክፉዎች ብቻ አይደለም፤ የሰው ሁሉ ነው። እርግጠኛ ኪሳራን መቀበል እንደ መሸነፍ ይቈጠራልና፥ ልብ የባሰውን አደጋ እንኳ «ምናልባት» የሚል ቃል ስላለበት ይመርጠዋል። በገበያም የሚታየው ይኸው ነው። ሰውዬው ጥቂት ያተረፈበትን ቶሎ ይሸጣል፤ የከሰረበትን ግን «ይመለሳል» እያለ ይዞ ይቈያል፤ ከዚያም አልፎ ይጨምርበታል። በራስ ገንዘብ ሲሆን ይህ ስሕተት የሚያጠፋው በእጅ ያለውን ነው፤ በብድር ሲሆን ግን የሌለንንም ያጠፋል።

የአምስት ስምንቶች ሒሳብ

የዚህ ልብ ሥራ እስከ ምን እንደሚደርስ ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ የቤሪንግስ ባንክ አወዳደቅ ይበልጥ ያስተምራል። ቤሪንግስ በ1762 በለንደን የተመሠረተ፥ አሜሪካ በ1803 የሉዊዚያናን ምድር ከፈረንሳይ ስትገዛ ገንዘቡን ካዘጋጁት ቤቶች አንዱ የሆነ፥ የእንግሊዝ ንግሥት እንኳ ደንበኛው የነበረች የተከበረ ባንክ ነበር።

በ1992 ባንኩ ኒክ ሊሰን የተባለ የልስን ሠራተኛ ልጅ የሆነ ወጣት ወደ ሲንጋፖር ላከ። ሥራው የጃፓንን አክሲዮን ዋጋ በሚለካው በኒኬይ ላይ የወደፊት ውል መግዛትና መሸጥ ነበር። የወደፊት ውል ዋጋው ሁሉ በዕለቱ የማይከፈልበት፥ ጥቂት መያዣ ብቻ አስይዘው የሚዋዋሉት ውል ስለ ሆነ፥ ከላይ የተናገርነው የብድር ጉልበት አለበት። ደግሞም ሊሰን በገበያው የሚገዛና የሚሸጥ ብቻ አልነበረም፤ የገዛውንና የሸጠውን በመዝገብ የሚያስመዘግበውም ክፍል አለቃ እርሱ ነበር። በሌላ አነጋገር ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ተቆጣጣሪው አንድ ሰው ሆኑ።

ሊሰን ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፥ ነገሩ የጀመረው በትንሽ ነው። ከእርሱ በታች የምትሠራ አንዲት ጀማሪ 20 ውል መግዛት ሲገባት በስሕተት ሸጠች፤ ስሕተቱም 20,000 ፓውንድ ያህል አስከፈለ። ይህን ለአለቆቹ ከመንገር ይልቅ ቁጥሩ 88888 በሆነ ሒሳብ ውስጥ ሸሸገው። በቻይናውያን ዘንድ 8 የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ለማስመለስ ሌላ ውል ገባ፤ ሲከስርም የሚቀጥለውን አበዛ። በ1993 መጨረሻ የተሸሸገው ኪሳራ 23 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል፥ በ1994 መጨረሻ 208 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ለንደን ይላክ የነበረው ወሬ የትርፍ ወሬ ነበር።

የከሰሩትን እያጠፉ ማስመለስ የሚለው ዘዴ በቁማር ቤቶች የታወቀ ነው። ሞኝነቱንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው በ100 ብር ጀምሮ በተሸነፈ ቍጥር መደቡን እጥፍ ቢያደርግ፥ 10 ጊዜ ተከታትሎ ቢሸነፍ ያጣው ድምር 102,300 ብር ይሆናል። ለ11ኛው ጊዜ 102,400 ብር መደብ ያስፈልገዋል። በዚያ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ጥቅል ትርፍ ስንት ነው? 100 ብር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በጃንዋሪ 1995 ሊሰን ገበያው ብዙ ሳይወጣና ሳይወርድ ይቆያል በሚል ግምት ውል ገብቶ ነበር። በጃንዋሪ 17 ቀን ግን የጃፓንን የኮቤን ከተማ የመሬት መናወጥ መታት፤ ከ6,000 በላይ ሰዎች አለቁ። በጃንዋሪ 23 ቀን ኒኬይ በአንዲት ዕለት ከ1,000 ነጥብ በላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ኪሳራውን ከመቀበል ይልቅ ዋጋው እንደገና ይነሣል በማለት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ውል ገዛ። መያዣው በየቀኑ እያነሰ ስለ ሄደ ከለንደን ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ ለንደንም ይልክለት ነበር። በፌብሩዋሪ 23 ቀን የይቅርታ ማስታወሻ ትቶ ከሲንጋፖር ወጣ። ኪሳራው ተቈጥሮ ሲያልቅ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት በሁለት ዓመት ተኩል የተከማቸው ኪሳራ በሁለት ወር ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከ230 ዓመት በላይ የቆመው ባንክ ወድቆ ለሆላንዱ አይኤንጂ ባንክ ከነዕዳው በ1 ፓውንድ ተሸጠ። ሊሰንም በማርች 2 ቀን በፍራንክፈርት ተይዞ፥ በዲሴምበር 1995 በሲንጋፖር የስድስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት።

ከዚህ ታሪክ የሚደንቀው የወጣቱ ድፍረት አይደለም። የባንኩ የውስጥ ተቆጣጣሪዎች በ1994 ወደ ሲንጋፖር ሄደው፥ ንግዱና መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው አደገኛ ስለ ሆነ እንዲለዩ በጽሑፍ አሳስበው ነበር። ምክሩ ሳይፈጸም ቀረ። ትርፍ አመጣልን የሚሉትን ሰው «መዝገብህን አሳየን» ማለት ከበዳቸው። እንግዲህ የሊሰን ልብ ኪሳራውን ወለደው፤ ብድሩ አሳደገው፤ ምሥጢሩ ደግሞ ጊዜ ሰጠው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ጥፋቱ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

የዛሬው ገበታ

በ1995 እንዲህ ያለውን ውል ለመግባት ብዙውን ጊዜ በገበያው አዳራሽ በሚቆም ነጋዴ በኩል ማለፍ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክና ጥቂት ዶላር ያለው ሁሉ ይገባበታል። የአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 እንዳስታወቀው፥ የዋጋ ልዩነት ውል በሚባለው የብድር ንግድ ከገቡት ተራ ደንበኞች ሒሳብ ከመቶ ከ74 እስከ 89 የሚሆነው ከሳሪ ነው። ስለዚህም መሥሪያ ቤቱ የብድሩን ልክ በታላላቅ ገንዘቦች ምንዛሪ ከ30 እጥፍ፥ በክሪፕቶ ገንዘቦች ከ2 እጥፍ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ደላሎቹም ከደንበኞቻቸው ከመቶ ስንቱ እንደሚከስሩ በማስታወቂያቸው ላይ እንዲጽፉ አስገደደ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ከእነዚህ ደላሎች ብዙዎቹ የደንበኛውን ውል ወደ ውጭ ገበያ ሳያወጡ ራሳቸው ተቃራኒ ሆነው ይይዙታል፤ እንዲህ ሲሆን የደንበኛው ኪሳራ የደላላው ትርፍ ነው። ከአስተማሪዎቹም መካከል አዲስ ደንበኛ ባመጡ ቍጥር ከደላላው ድርሻ የሚከፈላቸው አሉ። በልምምድ ሒሳብ፥ ማለትም በሌለ ገንዘብ ሲጫወት ያተረፈ ወጣት፥ በእውነተኛ ገንዘብ ሲገባ ፍርሃትና እልኽ አብረውት እንደሚገቡ ማንም አልነገረውም።

አልፎ አልፎ የሚመጣው ትርፍም ራሱ ወጥመድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስኪነር በርግቦች ላይ ባደረገው ምርምር፥ ቁልፉን በነካች ቍጥር እህል ከምታገኘው ርግብ ይልቅ መቼ እንደምታገኝ የማታውቀው ርግብ እህሉ ከተቋረጠም በኋላ አብዝታ ስትነካ እንደምትቆይ አሳይቷል። ዘወትር የሚከስር ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ አንዳንድ ቀን የሚያተርፈው ግን አይተወውም።

ነጋዴና ቁማርተኛ በምን ይለያሉ?

አንዳንዶች «ንግድስ ያለ አደጋ አለን? ገበሬስ ዘሩን ሲበትን ዝናሙን ዐውቆ ነውን?» ይሉ ይሆናል። አነጋገሩ እውነት አለበት። የወደፊት ውልም በመሠረቱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ከወራት በኋላ የሚያስረክበውን ቡና ዋጋ ዛሬ ለመቁረጥ የሚፈልግ ነጋዴ በዚህ ውል አደጋን ይቀንሳል። ብድርም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ተበድሮ የጭነት መኪና የገዛ ሰው መኪናው ሠርታ ዕዳዋን ትከፍላለች፤ የመኪናዋ የገበያ ዋጋ ዛሬ ስለ ቀነሰ አበዳሪው ማታ መጥቶ አይወስድበትም።

ልዩነቱን ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፥ ገንዘቡ ቢጠፋ የማን ጉሮሮ ይደርቃል? ሁለተኛ፥ ዋጋው ቢወድቅ መጠበቅ ይቻላልን ወይስ ሌላ ሰው በግድ ይሸጥብናል? ሦስተኛ፥ ይህን ያህል ከከሰርሁ አቆማለሁ ብሎ አስቀድሞ የቆረጠ፥ የቆረጠውንም የፈጸመ ማን ነው? ገበሬው የዘር እህሉን ከምግቡ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዝናም ቢቀርበትም ያጣውን ለማስመለስ በዚያው ሳምንት በሬዎቹን አስይዞ እጥፍ አይዘራም። ቁማርተኛ ማለት አደጋ ያለበትን ሥራ የሚሠራ ሳይሆን፥ ትናንት ያጣው ነገር ዛሬ የሚያደርገውን የሚያዝዘው ሰው ነው።

የቤተ ሰብ ድርሻ

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ከቤታችን አንዱ በዚህ ገበታ ላይ ቢገኝ ምን እናድርግ?

የለንደኖቹን አለቆች ስሕተት አንድገም። ልጃችን በስልኩ ላይ የሚያሳየን የትርፍ ቍጥር ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። መጠየቅ የሚገባን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንት ብር አስገባህ፥ ስንት ብርስ አውጥተህ በእጅህ ጨበጥህ የሚለውን ነው። ሁለቱን ቍጥሮች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ከብዙ ክርክር ይበልጣል። የሚነግደውና ሒሳቡን የሚይዘው አንድ ሰው እንዳይሆንም የቤቱን ገንዘብ ሌላ ሰው ይያዝ።

ደግሞ ኪሳራ ሲገለጥ በቍጣ መጮኽ አይጠቅምም። ሊሰን 20,000 ፓውንድ የሸሸገው ከእፍረትና ከፍርሃት የተነሣ ነበር፤ በጊዜው ቢናገር ኖሮ ተግሣጽ ይደርስበት ይሆናል እንጂ ባንኩ አይወድቅም ነበር። ልጅ «አባቴ ሆይ፥ 5,000 ብር አጠፋሁ» ለማለት የማይደፍርበት ቤት 50,000 ብር የሚጠፋበት ቤት ነው። ስለዚህ የተናገረውን አናዋርደው። ነገር ግን በርኅራኄ ብለን ዕዳውን በስውር እየከፈልን ወደ ገበታው አንመልሰው፤ ያ ከለንደን ይላክ የነበረው ገንዘብ ነውና። ዕዳው በግልጽ ይቈጠር፤ አከፋፈሉም በሥራ ከሚገኝ ገንዘብ፥ በወር በወር ይሁን።

የጠፋው ገንዘብ ጠፍቷል ብሎ ማመን መራራ ነው። ከገንዘቡ እኩሌታውን ያጣ ሰው የቀረውን እጥፍ ካላደረገ ወደ መነሻው አይመለስም፤ ገበያ ደግሞ ይህን ለማንም ቃል አልገባም። በላብ የሚገኝ ገንዘብ ግን ይዘገያል እንጂ ይመጣል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን የጊዜን ዋጋ ያውቁ ነበር። «ከሰርሁ» ብሎ ዛሬ የተነሣ ሰው ያጣው ገንዘቡን ብቻ ነው፤ ቤቱና ወዳጆቹ፥ ነገ የሚሠራበትም ጉልበት በእጁ ናቸው።